ነጩና ቢጫው ክር

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

የመጀመሪያውን የኬብል ጥቅል ዛሬ ከመኪናው አወረድን። ስንት ሜትር እንደተዘረጋና ማን ከሥራ እንደቀረ የሚጻፍበት መዝገብ ለብቻው አለ፤ እሱ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ይሄ ደብተር ግን የራሴ ነው። ባለቤቴ ጉንቮር «አርባ ዓመት ሙሉ ምሰሶ ላይ ስትንጠለጠል አንድ ቀን እንኳ ጽፈህ አታውቅም፤ አሁን ምን ታየህ?» አለችኝ። የመጨረሻው ትልቅ መስመሬ ሳይሆን አይቀርም፣ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አልኳት። እሷም መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አንስታ በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ።

ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ሸለቆው ጫፍ መቶ አሥራ አራት ምሰሶ አለ። መሬቱ ሁሉ አለት ስለሆነ ቆፍሮ መቅበር አይሞከርም። ስለዚህ ፋይበሩን ከኤሌክትሪኩ ሽቦ ዝቅ አድርገን በዚያው ምሰሶ ላይ እንሰቅለዋለን። ዲሴምበር አንድ ቀን የድሮው የስልክ መስመር ለዘለቄታው ይዘጋል። ሞባይልም ቢሆን በዚያ ተራራ ሥር አይሠራም። እስከዚያ ካልደረስን መምህርት ማግንሂልድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድረሱልኝ ደወል ከማንም ጋር አያገናኛቸውም። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ እኔን ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ያን መስመር በራሴ እጅ በራቸው ድረስ ማድረስ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጭ በል ቢሉኝም ግድ የለኝም። ውሸቴን ነው፣ ግድ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ዝናብ። ዘጠኝ ምሰሶ ብቻ። አብራን የምትበይደው ሲኔቫ ሦስት ጊዜ ሰደበችን፣ ሦስቱም ይገባን ነበር።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ዛሬ የመጀመሪያው ብየዳ። ፋይበር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። በአንድ ኬብል ውስጥ ብዙ ሆነው ይመጣሉ፣ በቀለም ይለያሉ፣ እያንዳንዱም ለአንድ ቤት ነው። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር እንበይዳለን። ጫፍና ጫፉን ማሽኑ ራሱ አስተካክሎ ያጣብቀዋል፤ ቀለሙን መለየት ግን የሰው ድርሻ ነው። ከዚያ ክሮቹን ጠቅልለን ሳጥን ውስጥ እናስተኛቸዋለን፣ ሳጥኑም ተመልሶ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የበየደው ሰው ስሙንና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ውስጥ ያስቀምጣል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም። ከድሮው አለቃዬ የወረስኩት ነው፤ እኔም ለሲኔቫ አወረስኳት።

ሲኔቫ እኔ ጋ ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሠላሳ አራት ሞልቷታል። ግራኝ ናት። እኛ ሁላችን ክሩን ወደ ቀኝ ስንጠቀልል እሷ ወደ ግራ ትጠቀልላለች። ሙያ ትምህርት ቤት ይህን ሊያስተዉአት ሞክረው ነበር፤ ተዉአት፣ መብራቱ በሁለቱም በኩል ያልፋል ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ከእኔ የተሻለች ሠራተኛ ናት። ይህን ፊት ለፊት አልነግራትም፣ ትኮራብኛለች።

የመኪናችን የውስጥ መብራት ደካማ ነው። ትሩልስን አምፖሉን ቀይርልኝ አልኩት። ትሩልስ ሾፌራችን ነው፤ ክሬኑንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ» አለኝ።

«እንግዲያው የቀየርከውን ቀይረው!»

ሲኔቫ አቀርቅራ የኬብል ልባስ ትልጥ ነበር። ወትሮ ሳትደርብልኝ አትቀርም፤ ዛሬ ግን ቀና እንኳ አላለችም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

የእረፍት ቀን። የሳሎኑንና የማእድ ቤቱን አምፖሎች ሁሉ ቀየርኩ። የዛሬ አምፖል ስሙ ብቻ ነው። ጉንቮር ዓይኗን ከልላ ገባችና «ቤቱን የእግር ኳስ ሜዳ አደረግኸው» አለች። ለኔ አሁንም ድንግዝግዝ ነው። ስታማርር ግን ሁለቱን አወጣሁላት።

ማታ ማታ መኪና መንዳት ለትሩልስ ከተውኩለት ቆይቻለሁ። ሰው ዛሬ ረጅሙን መብራት ዓይንህ ውስጥ ለቆ ነው የሚመጣው፣ ይሉኝታ የሚባል ጠፍቷል። ትሩልስም መንዳት ይወዳል፣ ደስ ይበለው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

የሸለቆው ደቦ። በያመቱ ሴፕቴምበር ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ መጥረቢያና መጋዝ ይዞ ይወጣል፤ መንገድ ይጠርጋል፣ ድልድይ ያድሳል። ዘንድሮ ሥራው በመስመራችን ሥር ያለውን የበርች ዛፍ መመንጠር ሆነ። ማንም አላዘዛቸውም። አንፊን ሁለት ትራክተር ይዞ መጣ፤ በጎቹን ትቶ እኛን ሲያግዝ ዋለ። እሱ የሸለቆው የመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኛም ነው፤ ጎረምሳ እያለ ክንዴን ያሰረልኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሠላሳኛው እስከ ስድሳኛው ምሰሶ ያለውን በአንድ ቀን ጨረሱልን። እኛ ብቻችንን ብንሆን ሁለት ሳምንት ይፈጅብን ነበር። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

መምህርት ማግንሂልድ በመኪና ተጭነው መጥተው በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ወፍራም ፓንኬክ፣ በመካከሉ ቡናማ አይብ። ለእያንዳንዱ ሰው በእጃቸው ሰጡ፤ ሁለተኛ የጠየቀ ግን ስሙን በሙሉ መናገር ነበረበት። አሁንም እንደ ክፍል ተማሪ ነው የሚያዩን።

እየበላን ለትሩልስ መስመሩ የሚያልቅበትን አሳየሁት። «ያውልህ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ቢጫዋ ቤት የመምህርት ናት» አልኩት። ትሩልስ ቤቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ፓንኬኩን ጎረሰ። መምህርት ማግንሂልድም ወንበራቸው ላይ ዞር አሉና ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ቆቤን አወለቅሁ።

በኋላ ለሲኔቫ ሲነግሯት ሰማሁ፦ «ይሄ ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለው ሳይታየው ይታየኛል ይል ነበር። የጎረቤቱን ደብተር እያየ ነው ዓመቱን የጨረሰው።» ሳቅ አልኩ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን እንዲህ ማስታወሳቸው ይገርማል። የመነጽሬን ነገር ያኔ ለእናቴ የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ባለውለታዬ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኤይለርት ከቢሮ ደወለ። አለቃችን ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «የጤና ወረቀትህ ጊዜው አልፏል፤ ዓይንና ጆሮ ብቻ ነው፣ ግማሽ ቀን በቂ ነው» አለኝ። መስመሩ መጀመሪያ ይጠናቀቅ አልኩት። «ጉቶርም፣ ይሄን ስትለኝ ሁለተኛህ ነው።» ሦስተኛው ነው፤ እሱ ግን አልቆጠረም።

እሄዳለሁ። አልሄድም አላልኩም። ግን አሁን አንድ ቀን ከጎደለ ዲሴምበር አንድ አይደረስም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ሰባ አንድ ላይ ደረስን። ሳጥኑን በየድኩ፣ ስሜን አስገባሁ፣ ሰቀልነው። ወደ ጀልባው ስንመለስ ሲኔቫ «ወይኔ፣ ፔርሙዜን ረሳሁት» ብላ ትሩልስን አስመለሰችው። እኔን ሱቁ በር ላይ አውርደውኝ ሄዱ፤ እዚያ ከባለሱቁ ጋር ስንጨዋወት አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። ፔርሙዝ ለማንሳት! ይህቺ ልጅ ዘንድሮ ምን እንደነካት እንጃ፤ በሠላሳ ስምንተኛው ጓንቷን፣ በሃምሳ አራተኛው ስልኳን ረስታ ነበር። በልጇ ሐሳብ ይሆናል። ብቻዋን ነው የምታሳድጋት። ላግዛት እፈልጋለሁ፣ እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

የመስመሩ ፍተሻ ግን እስካሁን አንድም ስህተት የለበትም። ለሽማግሌ አይከፋም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ማዕበል። ሦስት ቀን። ሰማንያኛው አካባቢ ሁለት ጥድ ኬብላችን ላይ ወድቋል። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ፣ ማብሪያው ተቆልፎ፣ ሽቦው ከመሬት ጋር እስኪያያዝ ቆመን ጠበቅን፤ ያለዚያ ማንም አይነካም። እርጥብ ነን። አንፊን ትራክተሩን ሳንጠራው ይዞ መጣ። ሚስቱ ሾርባ። ደከመኝ። ጉልበቴ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ዛሬ መቶ አሥራ አራት! የመጨረሻው ሳጥን!

ሲኔቫ አልመጣችም፤ ልጇን ትኩሳት ይዟታል። በስልክ «ሳጥኑ እስከ ነገ ይቆይ፣ እኔ ስመጣ አብረን እንበይደዋለን» አለችኝ። ለምን ይቆያል? ነገ በረዶ ነው ተብሏል፣ ቀኑም ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። «እኔ እዚህ ምን ልሠራ ቆሜአለሁ?» አልኳት። «በናትህ፣ ቀስ በል» አለችኝ። እኔ ነኝ እሷን ቀስ በይ እያልኩ ያሳደግኳት።

ከዚያ ሳጥን ሁለት ቤት ይወጣል። ነጩ ክር ወደ መምህርት ማግንሂልድ፣ ቢጫው ወንዝ ማዶ ወዳለው የከተማ ሰዎች የበዓል ቤት፤ እነሱ እስከ ፋሲካ አይመጡም። ሁለቱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየኋቸው። አንደኛው ትንሽ ደመቅ ይላል። ነጩ እሱ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ እንዲያውም ሦስት ጊዜ። ማሽኑ ብየዳው የጠራ ነው አለ። ወደ ሁለቱም ቤት ብርሃን መድረሱን ትሩልስ በመለኪያው አይቶ ምልክት አደረገ። ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

መምህርት ማግንሂልድ ዛሬ ከአዲሱ መስመር ጋር ተገናኙ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ነርስ ደወሉን ስትጫነው የድረሱልኝ ጥሪ ማዕከሉ ሰው «እንሰማችኋለን፣ ሁሉም ደህና ነው?» አለ። መምህርት «ደህና ነው፣ ግን አንተ በጣም ትፈጥናለህ» አሉት። ሁላችን አጨበጨብን። ሲኔቫም አብራን ነበረች፤ ከሁላችን ይልቅ እሷ ነበረች እፎይ ያለችው።

ስንወጣ መምህርት እጄን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ እስከ በሬ አመጣኸው» አሉኝ። ለትሩልስ፣ ለሲኔቫ፣ ለአንፊን ትራክተር፣ ለጉንቮር፣ ለዚያ ሁሉ ፓንኬክ አመሰገንኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ማለትም አይከብደኝም። አርባ ዓመት ሠርቼ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

አሮጌው ስልክ ተዘጋ። ማንም ልብ አላለውም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

መምህርት ማግንሂልድ ወደቁ። በሕይወት አሉ። ደወላቸውን ተጭነው ነበር።

ሰዎቹ የሄዱት ወደ በዓል ቤቱ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

በሥርዓት ልጻፈው። ትናንት ከሰዓት በኋላ መምህርት እንጨት ሊያመጡ ወጥተው በረንዳው ደረጃ ላይ በረዶ አንሸራተታቸው። ደወሉን ተጫኑ። ማዕከሉ አድራሻ የሚያውቀው ጥሪው በመጣበት ክር ነው፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ፊቱ የሚታየው አድራሻ የበዓል ቤቱ ነበር። ከቤት ውጭ ስለነበሩ ድምፃቸውን በደንብ አልሰማም፤ ያየውን አድራሻ ለአንፊን ደውሎ ነገረው። አንፊን ወንዙን ዞሮ በዓል ቤቱ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል፣ በረዶው ላይ የእግር ዱካ የለም። ዙሪያውን ዞረ፣ ተጣራ። ከዚያ ማዶ ሲያይ የመምህርት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መብራቱ ደረጃው ላይ ፈስሷል። ትራክተሩን ትቶ በእግረኛው ድልድይ ሮጠ። አርባ ደቂቃ በረዶ ላይ ተኝተዋል። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል፣ ብርዱም ጎድቷቸዋል። ሐኪሙ ሌላ ሩብ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ ብሎ አልጨረሰውም።

ዛሬ ጠዋት ሦስታችን መቶ አሥራ አራት ሥር ቆምን። ሳጥኑን አውርደን መኪናው ውስጥ ከፈትኩት። የኔ ወረቀት፣ የኔ ጽሑፍ። ክሮቹን አየሁ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፣ እንደገና አየሁ። ከዚያ በሕይወቴ ጠይቄ የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ሲኔቫ፣ ነጩ የቱ ነው?»

ቀስ ብላ ጣቷን አስጠጋች። እኔ ቢጫ ነው ያልኩት ነው። ለኔ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም የአሮጌ ጋዜጣ ቀለም አላቸው። እንዲህ ከሆኑ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል?

እሷ አስተካከለችው። እኔ የቀሩትንም መክፈት አለብን፣ ከዘጠና ስድስት እንጀምር አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ትሩልስ «አያስፈልግም» አለ። ለምን አያስፈልግም ብዬ ጮህኩበት፤ ጮኼበት አላውቅም ነበር።

ዘጠና ስድስትን ስከፍተው ከክዳኑ ውስጥ ወረቀቴ ወደቀች። ጉቶርም፣ ቀኑም ልክ ነው። ክሮቹ ግን ወደ ግራ የተጠቀለሉ ናቸው።

ቆሜ አየኋቸው። ሰባ አንድን ከፈትኩ፤ ወደ ግራ። ሃምሳ አራት፤ ወደ ግራ። የኔ ስም፣ የሷ እጅ። ፔርሙዝ፣ ጓንት፣ ስልክ። ሠላሳ ስምንትን መክፈት አላስፈለገኝም።

ሲኔቫ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። «መጀመሪያው ላይ ሁለት ክር ተለዋውጦ አገኘሁ። ሰው ነው፣ ይሳሳታል አልኩ» አለች። «ቀጥሎም አገኘሁ። ልነግርህ ስል ስለ መምህርትህ ማውራት ትጀምራለህ፤ በራቸው ድረስ አደርሰዋለሁ ትላለህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? መስመሩ እስኪያልቅ ከኋላ ከኋላህ እያየሁ እሄዳለሁ አልኩ። ልጄ የታመመች ጊዜ ደግሞ… በማግስቱ ሄጄ ሳጥኑን መክፈት ነበረብኝ። በረዶ ጣለ። ነርሷ ደወሉን ስትሞክረው መልስ ተገኘ። በቃ ዕድለኞች ነን አልኩ። ሴትዮዋ በኔ የተነሳ ነው የተኙት፣ ጉቶርም።»

«ስሙ የማን ነው ውስጡ ያለው? ያንቺ ነው?» አልኳት።

«አየህ፣ በሌሎቹ ሳጥኖች እሱን እንኳ በራሴ አልተካሁትም፤ ስምህን አውጥቼ መልሼ አስገባሁት።» አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች።

ጥፋቱን እንዲህ ስንሻማበት ትሩልስ ከመሪው ወንበር ዞር አለ። «ተዉ፣ ለሁለታችሁም ይደርሳል። ለኔም ይተርፋል፤ አምፖሉ ደህና እንደነበር ከሴፕቴምበር ጀምሬ አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከኀፍረት ነው ብል ልክ አይሆንም። ኀፍረቱ አለ። ግን ሰው እንዲህ ሦስት ወር ሙሉ በዝናብ እየተመለሰ ሥራዬን ሲሠራልኝ፣ ስሜንም ሳይነካ ሲያስቀምጥልኝ፣ እኔ ደግሞ ዝንጉ ናት እያልኩ ስጽፍ! የኦክቶበርን ገጾች መልሼ አነበብኩ። ልቀዳድዳቸው አሰብኩ። ይቀመጡ፣ ልያቸው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ሆስፒታል ሄድኩ። መምህርት ማግንሂልድ ትራስ ላይ ደገፍ ብለው፣ እጃቸው በጄሶ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀለሙ አይታየኝም፣ ደብቄ ነው የሠራሁት አልኳቸው፤ ቆሜ፣ ቆቤን ይዤ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ቤቴን ቢጫ ያልክ ቀን አውቄአለሁ። ለዚያች ልጅ ለሲኔቫ ነግሬያታለሁ፣ ላንተ ግን አልነገርኩም። በሰባት ዓመትህ ለእናትህ ነበር የነገርኩት፤ አሁን ለማን ልንገር? ለራስህ መንገር ነበረብኝ። አፈርኩልህ መሰለኝ። እኔም ተሳስቻለሁ።»

ሁሉም ሰው ጥፋቴን ሊካፈል ይመጣል። አልችለውም፣ ግን ደግሞ አቅፎኛል። ሌላ አባባል አላገኘሁለትም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

ለኤይለርት ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ሲኔቫ ያስተካከለችውን ብቻ ልናገር አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ራሷ ከኔ ቀድማ ሄዳ ሁሉንም ተናግራለች። ኤይለርት ድምፁን ከፍ አላደረገም። የመበየጃ ማሽኑን ሳጥን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ አለኝ፣ አስቀመጥኩ። ሪፖርቱን ጽፈህ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ለማዘጋጃ ቤቱም ይደርሳል። ሲኔቫ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። «ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጀው» አለኝ በሩ ላይ። እውነቱን ነው።

ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። ብሎን ቆጠርኩ። አልሞትኩም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

የዓይን ሞራ። ሁለቱም ዓይኔ ላይ። ሐኪሟ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሆኖታል አለች፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ዓለም የደበዘዘች ይመስለዋል አለች። እኔ እንኳ አምፖል ፋብሪካውን ነበር የጠረጠርኩት። የቀኙን ዓይኔን ሌንስ ዛሬ ቀየሩልኝ፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ምንም አያምም። ለዚህ ነው ያን ሁሉ የደበቅኩት!

ማታ ጨርቁ ተነሳ። ጉንቮር ፊቴ ተቀምጣለች። «አዲስ ሹራብ ገዛሽ?» አልኳት።

«ስድስት ዓመቱ ነው።»

«አረንጓዴ አልነበረም?»

«ሰማያዊ ነው፣ የኔ ጅል። ሁልጊዜም ሰማያዊ ነበር።» ከዚያ መነጽሬን ልማድ ሆኖባት ጠረገችው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ግራውም ዓይኔ ተጠናቀቀ። መምህርት ማግንሂልድ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ የአንፊን ሚስት ጠዋትና ማታ ትመጣለች። ጉንቮር ነድታ አደረሰችኝ። የእግረኛው ድልድይ አጠገብ ስንደርስ አቁሚልኝ አልኳት።

ቤቷ ነጭ ናት። በረዶው ነጭ፣ ቤቷም ነጭ፣ የመስኮቶቹ ክፈፍ ብቻ ቀይ ነው። ብዙ ቆምኩ። ጉንቮር ሞተሩን አጠፋች፣ አላስቸኮለችኝም።

መምህርት በር ላይ ጠበቁኝ። «ቤቴ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

«ነጭ ነው፣ መምህርት።»

«ጥሩ። ግባ።»

ውስጥ ደወላቸውን አንስተው በደህናው እጃቸው ተጫኑት። እኔ ደነገጥኩ። የማዕከሉ ሰው መለሰ። «ምንም አልሆንኩም። የት እንዳለሁ ንገረኝ እስቲ» አሉት። ሰውዬው የቤታቸውን ስም፣ ሸለቆውን፣ ቁጥሩን ልክ ልክ ነገራቸው። በየእሑዱ ይህን ያደርጋሉ አሉ። እዚያ ያሉት ሰዎች ስማቸውን በሙሉ እንዲናገሩም አስለምደዋቸዋል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

የዓይን ምርመራውን አለፍኩ፤ ኤይለርት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ያም አልበቃው፣ ሲኔቫን አሥራ ሁለት ቀለም ክር ጠረጴዛው ላይ ደባልቃ እንድታስጠራኝ አደረገ። ሁሉንም ጠራሁ። ነጩ ላይ ስደርስ ቀና ብላ ሳቀች። ቁልፉ ተመለሰልኝ፤ ከእንግዲህ ግን ማንኛውም ሳጥን ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይዘጋም፣ ይህም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ልክ ነው። ድሮም እንዲህ መሆን ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ መቶ አሥራ አራት ሄድን። ሲኔቫ በዲሴምበር ሳጥኑን ስታስተካክል የኔን ወረቀት አውጥታ የራሷን ሳታስገባ ዘግታው ነበር። «ስም አልባ ሳጥን አለችን፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። ብርድ ነው፣ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ፤ ጣቶቼ ግን ታዘዙኝ። ክዳኑን ከፈትኩ። ወደ ግራ የተጠቀለሉት ክሮች፣ ነጩ በቦታው፣ ቢጫው በቦታው። አልነካኋቸውም።

ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ፦ ጉቶርም ዘረጋው። ሲኔቫ አየችለት። ትሩልስ ነዳ።

ትሩልስ አንብቦ «ለኔ ነዳ ብቻ?» አለ። ሲኔቫ ተቀበለችውና ብዙ ቆየችበት። ይህን ሳጥን እስከሚቀጥለው አርባ ዓመት የሚከፍተው የለም፣ ማን ያነበዋል ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«ቀኑን ረሳኸው» አለችና ብዕሩን ተቀብላኝ በግራ እጇ ጻፈችው።